ባዶ ቦታም ይመዘናል

ዱባይ ኢንተርናሽናል ሲቲ ውስጥ ሕንፃዎቹ ቻይና፣ ፋርስ፣ ሞሮኮ፣ ሩሲያ፣ እንግሊዝ እየተባሉ በአገር ስም ተመድበዋል፤ ነዋሪው ግን ቤቱን የሚጠቁመው በፊደልና በቁጥር ነው። ከሰፈሩ ጎን እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው ድራገን ማርት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቶ የቻይናን ዕቃ በጅምላም በችርቻሮም ይሸጣል። ኪራዩ ከሌላው ዱባይ ቀለል ስለሚል ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚህ፣ አለዚያም ወጣ ብለው በሻርጃና በአጅማን ይኖራሉ። ደመወዝ ሲወጣ፣ ፋሲካ ወይም ዒድ ሲቃረብ፣ እህት ስትወልድ፣ ወንድም ሲያገባ ብርድ ልብሱ፣ የሕፃን ልብሱ፣ ጫማው፣ ስልኩ፣ የመኪና መለዋወጫው ተገዝቶ ወደ አገር ቤት ይላካል። የሚላከው በካርጎ ቤት ነው፤ ላኪው ደውሎ መጀመሪያ የሚጠይቀውም «ኪሎው ስንት ነው?» ብሎ ነው። ይህ ጥያቄ ብቻውን ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል። ካርጎ ቤት ርካሽ የሚሆነው የማይተዋወቁ ሰዎችን ዕቃ ደርቦ እንደ አንድ ትልቅ ጭነት ስለሚያስጭን ነው፤ ስለዚህ አንድ ላኪ የሚያተርፈው ወይም የሚከስረው ዕቃው ከሌላው ሰው ዕቃ ጋር እንዴት እንደተደረበ፣ በኋላም ቦሌ ጉምሩክ ሲደርስ እንዴት እንደተለየ ላይ ነው። የኪሎው ዋጋ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

የአየር ጭነት ታሪፍ እንዴት እንደሚወጣ ማየት ነገሩን ያስረዳል። አየር መንገድ ለአንድ መስመር አንድ ዋጋ ብቻ አያወጣም። መጀመሪያ ዝቅተኛ ክፍያ አለ፤ ዕቃው አንድ ኪሎም ይሁን ሦስት ከዚያ በታች አይከፈልም። ቀጥሎ ከ45 ኪሎ በታች ላለ ጭነት የሚሠራው መደበኛ ዋጋ ይመጣል። ከዚያም 45፣ 100፣ 300፣ 500፣ 1,000 ኪሎ እያለ ጭነቱ ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋጋ ይወርዳል። ሰነድ ማዘጋጀቱ፣ መፈተሹ፣ መመዝገቡ፣ መጋዘን ማስገባቱና ማስወጣቱ ለሦስት ኪሎ ካርቶንም ለሦስት መቶ ኪሎ ጭነትም ብዙ አይለያይም፤ ሦስት ኪሎውን ብቻውን የላከ ሰው ያን ሁሉ ድካም ብቻውን ይከፍላል። ከዱባይ አዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ የሚበረር መንገድ ነው። ለአንዲት ትንሽ ጥቅል በፈጣን መልእክት አድራሽ የሚጠየቀው ገንዘብ ዕቃው ከሚያወጣው ሲበልጥ የሚታየው መንገዱ ረጅም ሆኖ አይደለም። ብቻውን የተነሳ ዕቃ ስለሆነ ነው።

ሁለተኛው ነገር ሚዛኑ ራሱ ነው። አውሮፕላን ክብደቱ ሳይሞላ ቦታው ሊሞላ ይችላል፤ ስለዚህ ዕቃ የሚመዘነው ሁለት ጊዜ ነው፣ አንዴ በሚዛን፣ አንዴ በሜትር። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ በሴንቲ ሜትር ይባዛና ውጤቱ በአየር ጭነት ልማድ ለ6,000፣ እንደ ዲኤችኤል ባሉ ፈጣን አድራሾች ዘንድ ደግሞ ለ5,000 ይካፈላል። ከሁለቱ ሚዛኖች የበለጠው ይከፈላል። 60 በ50 በ40 የሆነ ካርቶን ብርድ ልብስና የሕፃን ልብስ ሞልቶት በሚዛን 9 ኪሎ ቢመጣ እንኳ በስፋቱ (በሚይዘው ቦታ) 20 ኪሎ ነው፤ በፈጣን አድራሹ ስሌት 24 ኪሎ ይሆናል። ከ9 በላይ ያለው ኪሎ የሚከፈለው ለአየር ነው። ጫማን ከነሣጥኑ መላክ፣ መጫወቻን ከነማሳያ ፕላስቲኩ መላክ፣ ለካርቶኑ ማራኪነት ሲባል ባዶ ቦታን ጠቅልሎ መላክ ማለት ይኸው ነው። ጥሩ አስተላላፊ፣ ማለትም ጥሩ ካርጎ ቤት፣ የሚለየው ከዚህ ላይ ነው፦ ከአምስት ሱቅ የመጡትን አምስት ካርቶኖች ከፍቶ፣ የሱቁን ማሸጊያ ጥሎ፣ ብርድ ልብሱን አየር በሚያወጣ ላስቲክ ጨምቆ በአንድ ካርቶን ያስገባል። በዚህ ሥራ ሃያ ኪሎው አሥራ ሁለት ከሆነ ላኪው ከየትኛውም የቅናሽ ማስታወቂያ የበለጠ አተረፈ ማለት ነው።

የመደረቡን ጥቅም በቁጥር ማየት ይሻላል። አንዱ ላኪ 100 ኪሎ የመኪና መለዋወጫ አመጣ እንበል፤ ብረት ስለሆነ ቦታ አይዝም፣ በስፋቱ 30 ኪሎ ብቻ ነው። ሌላዋ ብርድ ልብስና ትራስ አመጣች፤ በሚዛን 30 ኪሎ፣ በስፋት 100 ኪሎ። ሁለቱ ለየብቻ ቢሄዱ እሱ በክብደቱ 100፣ እሷ በስፋቷ 100፣ በድምሩ የ200 ኪሎ ይከፈላል። አንድ ላይ ሲጫኑ ግን ክብደቱ 130፣ ስፋቱም 130 ነው። አስተላላፊው ለአየር መንገዱ የሚከፍለው የ130 ኪሎ ብቻ ነው። ሰባ ኪሎ ከሰነዱ ላይ ጠፋ። ማንም አልሰረቀውም፣ ማንም አልዋሸም፤ ብረቱ የብርድ ልብሱን ባዶ ቦታ ሞላው እንጂ። የካርጎ ቤት ትርፍ የሚወጣው ከዚህ ሰባ ኪሎ ነው፣ ለደንበኛ የሚሰጠው ቅናሽም የሚወጣው ከዚሁ ነው፤ ለማን ስንት ይድረስ የሚለው የድርድርና የፉክክር ጉዳይ ነው።

ለደንበኛው የሚጠቅመው ነገር አሁን ይመጣል። በሚዛን ብቻ የሚያስከፍል ካርጎ ቤት ለብርድ ልብስ ላኪዋ ትልቅ ስጦታ ነው፣ ለብረት ላኪው ግን አይደለም፤ የእሱ ኪሎ የእሷን ባዶ ቦታ እየደጎመ ነው። በስፋት የሚያስከፍለው ቤት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ስለዚህ «የትኛው ካርጎ ቤት ርካሽ ነው?» ለሚለው ለሁሉም የሚሆን መልስ የለም። ጥቅጥቅ ያለ ዕቃ ያለው ሰው ስፋትን ወደሚለካው ቤት፣ ለስላሳና ሰፊ ዕቃ ያለው በሚዛን ብቻ ወደሚሠራው ቢሄድ ይሻለዋል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሰው ጎረቤቱ ወደላከበት ቤት መሄዱ ነው፣ ጎረቤቱ የላከው ምን እንደነበር ሳይጠይቅ።

አንድ ተቃውሞ ወዲያው ይነሳል፦ በመሀል ሌላ እጅ ማስገባት እንዴት ወጪ ይቀንሳል? ከቻይና በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ማዘዝ እያለ በዱባይ መዞር ምን ይሉታል? ለትላልቅ ነጋዴዎች ተቃውሞው ልክ ነው፤ ኮንቴይነር የሚሞላ ሰው የሚያጣምርለት አያስፈልገውም። ለአንድ ካርቶን ግን ዱባይ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ነው። ድራገን ማርት ያለው ጫማ ከቻይና የመጣው በመርከብ፣ በሺህ ጥንድ አንድ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 በተከፈተው በጀበል ዓሊ ወደብ ነው። ረጅሙ መንገድ በርካሹ ማጓጓዣ አልቋል። ለአየር የቀረው የአራት ሰዓቱ መንገድ ብቻ ነው። በባሕር አምጥቶ በአየር ማድረስ የዱባይ የቆየ ሙያ ነው። ከዚያም በፊት፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በፋርስ በኩል ያለችው የሊንጋ ወደብ የጉምሩክ ጫና ሲበዛባት ነጋዴዎቿ ቀረጥ ወደማያስከፍለው የዱባይ ወሽመጥ መሻገራቸው ከተማዋን የሌላ አገር ዕቃ ማስተላለፊያ አድርጓታል። ኢንተርናሽናል ሲቲ ያለው ካርጎ ቤት የዚያ ሥራ ትንሹ ቅርንጫፍ ነው።

በኢንተርኔት የሚሠራው ዘመናዊ የዕቃ ማስተላለፍ አገልግሎትም ሌላ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1982 አማን ላይ የተመሠረተው አራሜክስ በ2000 ሾፕ ኤንድ ሺፕ የሚለውን አገልግሎት ሲጀምር ለአረብ አገር ደንበኛ የሸጠው በአሜሪካና በእንግሊዝ የመቀበያ አድራሻ ነበር። ደንበኛው ወደዚያ ያዛል፤ ዕቃው እዚያ ይከማችና ከሌሎች ጋር ተጭኖ ይመጣል። የአሜሪካ አስተላላፊዎች መጋዘናቸውን እንደ ደላዌርና ኦሪገን የሽያጭ ታክስ በሌለባቸው ግዛቶች መክፈት የሚወዱት ደግሞ ታክሱን ለማስቀረት ነው። ዱባይ ላይ ይህኛው ጥቅም የለም። እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ጀምሮ ያለው 5 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ በችርቻሮ ዋጋው ውስጥ ይገባል፤ ኤርፖርት ላይ የሚመለሰው ዕቃውን ይዞ ለሚወጣ ጎብኚ እንጂ በካርጎ ለሚልክ ነዋሪ አይደለም። እዚህ ቁጠባው መደረቡ ላይ ብቻ ነው ያለው።

ከሁሉ የሚጠነክረው ተቃውሞ በሰው እጅ መላክ ነው። ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ ትርፍ ኪሎ አለ፤ ወይ በነፃ ይወስዳል፣ ወይ ኪሎውን ይሸጣል፤ ሰነድ የለ፣ ሚዛን የለ፣ በማግስቱ አዲስ አበባ ነው። ለአንድ ስልክ ወይም ለአንድ መድኃኒት ከዚህ የሚፈጥን መንገድ እንደሌለ መካድ አይቻልም፤ ተቀባይና ላኪ ዘመድ ሲሆኑ ደግሞ መተማመኑ ራሱ ዋስትና ነው። ኪሎው በገንዘብ ሲሸጥ ግን ነገሩ ይለወጣል። ተጓዡ ለፈታሽ የሚመልሰው በሻንጣው ስላለው ሁሉ ነው፣ «የሰው ነው» ማለት አያድነውም። በተለይ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ በርበሬ፣ ሽሮና ድርቆሽ ሲመጣ፣ ከቅመሙ መካከል ጫት ቢገኝ የኤምሬትስ ሕግ እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው የሚያየው፤ የሚታሰረውም ሻንጣውን የያዘው ነው። ላኪውም ቢሆን ዕቃው ጠፋ ቢባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም። ካርጎ ቤት የሚያስከፍለው ከፊሉ የዚህ ወረቀት ዋጋ ነው፣ ወረቀቱ ትክክለኛ እስከሆነ ድረስ።

ትክክለኛው ወረቀት የትኛው እንደሆነ ግን ብዙ ላኪ አይነገረውም። ለተደረበው ጭነት በጠቅላላ አየር መንገዱ ለአስተላላፊው የሚሰጠው ማስተር ኤርዌይ ቢል የሚባል የጭነት ሰነድ አለ። ከሥሩ አስተላላፊው ለእያንዳንዱ ደንበኛ የሚያወጣው ሃውስ ኤርዌይ ቢል አለ። መደረቡ ጥቅም የሚሆነው በአየር ላይ ነው፤ መሬት ሲነካ ወደ ጉዳት ሊዞር ይችላል። የአርባ ሰው ብርድ ልብስ በአንድ ተቀባይ ስም ቦሌ ቢደርስ ጉምሩክ የሚያየው የአርባ ቤተሰብ ስጦታ ሳይሆን የንግድ መጠን ያለው ዕቃ ነው። ሃውስ ኤርዌይ ቢሉ በተቀባዩ ስም የወጣ እንደሆነ ግን ያ ካርቶን ለብቻው ተለይቶ ለብቻው ይስተናገዳል። አብሮ በርሮ ለየብቻ መውረድ የጥሩ አስተላላፊ ሙያ ነው፤ ዋጋው ያልተለመደ ርካሽ የሆነ ቤት ብዙ ጊዜ የዘለለው ይህንን ነው።

ስለ ጉምሩክ ሲነሳ ደግሞ አንድ የማይታይ ሒሳብ አለ። የኢትዮጵያ ቀረጥ የሚሰላው በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አይደለም፤ የማጓጓዣውና የመድን ዋስትናው ወጪ ተደምሮ ነው። ከፍተኛው የ35 በመቶ ቀረጥ የሚመለከተውን ዕቃ እንውሰድ። በማጓጓዣው ላይ የተጨመረ 100 ብር መጀመሪያ 35 ብር ቀረጥ ይወልዳል። በ135ቱ ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታከል 155 ከ25 ሳንቲም ይሆናል። በዚያ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ ሲመጣ 171 ብር ገደማ ደረሰ፤ ኤክሳይዝና ሌሎች ክፍያዎች ሳይቆጠሩ። ስለዚህ ከካርቶን ውስጥ የወጣ ባዶ ቦታ ሁለት ጊዜ ያተርፋል፣ ዱባይ ላይ ከኪሎው፣ ቦሌ ላይ ከታክሱ።

ከዚህ ተነስቶ «ታዲያ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ ማስመዝገብ አይሻልም?» የሚል አይጠፋም፤ ይህን እንደ አገልግሎት የሚያቀርብ አስተላላፊም አይጠፋም። ሕገ ወጥ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ግን በሒሳብም የሚያዋጣ አይደለም። ጉምሩክ የቀረበለትን ኢንቮይስ ካላመነበት በራሱ መረጃ ዋጋ ይተምናል፤ ያኔ እውነተኛው ደረሰኝም ተዓማኒነቱን ያጣል። ዕቃው ቢጠፋ ደግሞ ላኪው ሃምሳ ድርሃም ብሎ ያስመዘገበውን አምስት መቶ ነበር ብሎ ሊጠይቅ አይችልም። ማጭበርበሩ ቁጠባ የሚመስለው ሁሉም ነገር በሰላም ሲያልፍ ብቻ ነው።

ካሣውም ቢሆን በክብደት የታጠረ ነው። ኢትዮጵያም ኤምሬትስም የገቡበት የሞንትሪያል ስምምነት የአየር ጭነት ሲጠፋ ወይም ሲበላሽ አጓጓዡ የሚከፍለውን ጣሪያ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 መጨረሻ ጀምሮ በኪሎ 26 ኤስዲአር አድርጎታል። ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው፤ 26ቱ 35 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ይሆናል። ለ10 ኪሎ ብርድ ልብስ ከበቂ በላይ ነው። ግማሽ ኪሎ በማትሞላ ጥቅል ለብቻው ለተላከ ስልክ ግን ጣሪያው ከ20 ዶላር በታች ነው፣ ላኪው አስቀድሞ ዋጋውን በልዩ ሁኔታ አሳውቆ ተጨማሪ ካልከፈለ በቀር። ጉዳት ያለበት ዕቃ ሲደርስ ቅሬታው በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ አለበት፤ አዲስ አበባ ያለችው እናት ካርቶኑን ለበዓል ብላ ሳትከፍት ብታስቀምጠው ቀኑ ያልፋል። ስለዚህ በካርጎ ለመላክ የሚመቸው ከባድና መካከለኛ ዋጋ ያለው ዕቃ ነው። ቀላልና ውድ የሆነው በታመነ ዘመድ እጅ ቢሄድ ይሻላል፤ ቀደም ሲል የተነሳው ተቃውሞ እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አለው።

መደረብ የራሱ ዕዳም አለበት፦ የሌላው ጥፋት ያንተን ዕቃ ያስቆማል። ለብቻው የሚላክ የሊቲየም አዮን ባትሪ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2016 ጀምሮ በመንገደኛ አውሮፕላን በጭነት መልክ እንዳይሄድ ተከልክሏል፤ ፓወር ባንክ ከዚህ ይመደባል። ሽቶ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ስለሆነ ሳይገለጽ መጫን የለበትም። አንዲት ፓወር ባንክ በአንድ ሰው ካልሲ ውስጥ ተደብቃ ብትገኝ የሠላሳ ሰው ካርቶን አብሮ ፍተሻ ላይ ሊቆም ይችላል። ካርቶኑን ሳይከፍት፣ ሳይጠይቅ፣ ዝርዝር ሳያስሞላ የሚቀበል ካርጎ ቤት ላኪውን ያከበረ ይመስላል፤ የጎረቤቱን ካርቶንም እንዲሁ ሳያይ እንደተቀበለ ማሰብ ያስፈልጋል።

የባሕሩ መንገድ ለአብዛኛው ላኪ አይሆንም። ዋጋው በሜትር ኪዩብ ስለሚሰላ ለፍሪጅና ለሶፋ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ጅቡቲ ወርዶ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቶ፣ በየደረጃው ክፍያ እየተጨመረበት በሳምንታት የሚደርስ ነው። ቤቱን ጠቅልሎ ለሚመለስ ሰው እንጂ ለልደት ስጦታ አይታሰብም።

የመደረቡ ሕግ በሰፈርም ይሠራል። ከሻርጃ ወይም ከአጅማን አንድ ካርቶን ለመውሰድ የሚመጣ መኪና ነዳጁን፣ መጨናነቁንና ሳሊክ የሚባለውን የዱባይ የመንገድ ክፍያ በዚያች ካርቶን ላይ ይጭናል። በአንድ ሕንፃ ያሉ አምስት ሴቶች በአንድ ቀን አብረው ቢጠሩት ጭማሪው ለአምስት ይከፋፈላል፤ ብዙ ካርጎ ቤቶችም ለዚህ ሲሉ ዋጋ ይቀንሳሉ። በሰው ቤት ተቀጥራ ዓርብ ብቻ የምትወጣ ልጅ ግን ይህን ዕድል አታገኝም፤ ርካሹን መንገድ ለመጠቀም ጊዜም ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ክፍያው ከማን ኪስ ይወጣል የሚለው ነው። ድርሃም ከዶላር ጋር በ3.67 ተጣብቆ ስለሚኖር ዱባይ ያለው ላኪ ኪሎውን በማይናወጥ ገንዘብ ይከፍላል። ተቀባዩ ግን ቀረጡን በብር ነው የሚከፍለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፤ የቀረጥ ማስከፈያው ዋጋ በባንክ ምንዛሪ ስለሚሰላ፣ ያው ካርቶን፣ ያው ኪሎ፣ ያው ደረሰኝ አዲስ አበባ ላይ እጥፍ ሊጠጋ የደረሰ ታክስ አመጣ። አንዳንድ ካርጎ ቤቶች ለዚህ መልስ ጉምሩክን ጨምሮ እስከ ቤት ድረስ በአንድ የኪሎ ዋጋ እንወስዳለን ይላሉ። ምቹ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ኪሎ ልብስና ለአንድ ኪሎ ስልክ ያው ዋጋ የሚጠይቅ ቤት ታክሱን ከየት እንደሚከፍል ሊያስረዳ ይገባዋል። ወይ ልብስ ላኪው የስልክ ላኪውን ቀረጥ እያዋጣ ነው፣ ወይ ታክሱ በትክክል አልተከፈለም። ለመለየት የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ቅጂ መጠየቅ ይበቃል። ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ትራንዚተር በተቀባዩ ስም ያስወጣው ከሆነ ቅጂው አለ፤ «ለምን ፈለግሽው?» የሚል መልስ ከመጣ ደግሞ ቀጣዩን ካርቶን ለሌላ ካርጎ ቤት መስጠት ይሻላል፣ ኪሎው በሁለት ድርሃም ቢወደድም።